የታላቅ እህቷ ክኒን

ትልቁ የአንሶላ መተኮሻ ማሽን ሁለት ሴቶችን ይፈልጋል። አንዷ እርጥቡን አንሶላ ዘርግታ ታጎርሰዋለች፤ ሌላዋ ከወዲያ በኩል ትኩሱን ተቀብላ ታጥፋለች። የሆቴሉ ላውንደሪ ያለው ምድር ቤት ነው። መስኮቶቹ ከጣሪያው ሥር የተከፈቱ ጠባብ ቀዳዳዎች ስለሆኑ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ በግድግዳው ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። እዚያ ክፍል ውስጥ ፊቱ የቀላና አንገቱ በላብ የተጠመቀ ሰው ምን ሆንክ ተብሎ አይጠየቅም። የሚጣ ነገር ለብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የቆየው በዚህ የተነሳ ነው።

ሚጣ የቤት ስሟ ነው። የመጨረሻ ልጅ ስለነበረች ወጣላት፤ ሃምሳ ዓመት አልፏት፣ ባሏን ቀብራ፣ ሁለት ልጆቿን ወደ ሩቅ ከተማ ድራ ካበቃች በኋላም አልለቀቃትም። አዲስ የሚቀጠሩት ወጣቶች ሳይቀሩ «እትዬ ሚጣ» ይሏታል፤ ማክበርና ማሳነስ ከአንድ አፍ ይወጣል። ከማሽኑ ማዶ የምትቆመው ጓደኛዋ ደግሞ ሬዲዮ ትባላለች። ለምን እንደተባለች ለመረዳት አጠገቧ ትንሽ መቆም ይበቃል።

ሙቀቱ ሽው ማለት የጀመረው የሚጣ የወር አበባ መዛባት ሲጀምር ነበር። ጨርሶ ከቆመና ዓመት ካለፈው በኋላ ይለቃታል ሲባል ጭራሽ ባሰበት። ከደረቷ ይነሳና አንገቷን፣ ጆሮዋን፣ የራስ ቅሏን ያነደዋል፤ ልቧ ይደልቃል፤ ከዚያ ድንገት ጥሏት ሲሄድ ላቡ ጀርባዋ ላይ ይቀዘቅዛል። ቀኑን የሰው አንሶላ ስታደርቅ ውላ ሌሊት የራሷን ትቀይራለች። እንቅልፍ ከዓይኗ ራቀ። የጀመረችውን ወሬ መሃል ላይ ትረሳለች፤ ቁልፏን በእጇ ይዛ ቁልፏን ትፈልጋለች።

አንድ ጠዋት አንሶላውን ስታጎርስ እጇም ተከትሎ ገባ። ሬዲዮ ማዶ ሆና ማቆሚያውን ባትመታው ኖሮ ጣቶቿ እዚያው ይቀሩ ነበር። የእጇ ጀርባ ተላጠ።

«እጅሽን ነው እንዴ የምትተኩሺው?» አለቻት ሬዲዮ፣ እጇን ቧንቧ ሥር ይዛላት። «እሱ እኮ አይታጠፍም።»

«ደንዘዝ አልኩ።»

«ደንዘዝ ካልሽማ ቆየሽ። ሳወራሽ መልስ መስጠት ትተሻል።»

«ለአንቺ መልስ የመስጠት ዕድል ያገኘ ሰው አለ?»

ሬዲዮ ሳቀች። የላውንደሪው ኃላፊ ግን አልሳቀም። ሌላ ጊዜ ከተደገመ ከማሽኑ እንደሚያነሳት ነገራት። ከማሽኑ የተነሳ ሰው የት እንደሚሄድ ሁለቱም ሴቶች ያውቃሉ፤ ከእሷ በፊት የተነሱት አንዳቸውም ወደ ምድር ቤቱ አልተመለሱም።

ሚጣና ታላቅ እህቷ የሚኖሩት አንድ ፎቅ ላይ፣ በር ለበር ነው። ታላቂቱ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ አላገባችም። ሚጣ እትዬ ትላታለች። እናታቸው ለትልቋ ብቻ ነበር የምትገዛው፤ ቀሚሱም ጫማውም ካፖርቱም ሲጠባት ለትንሿ ይተላለፋል። ሚጣ እስክታገባ ድረስ በሌላ ሰው ያልተለበሰ ልብስ ገላዋን ነክቶት አያውቅም፤ ቅርም ብሏት አያውቅም። እትዬ ላይ ያማረ እሷም ላይ ያምራል። በዚህ አድጋለች።

ስለዚህ የዚያን ዕለት ማታ እትዬ በፋሻ የተጠቀለለውን እጅ አይታ፣ ነገሩን ሁሉ ሰምታ፣ ከቁም ሣጥኗ አንድ እሽግ ክኒን ስታወጣላት ሚጣ እንግዳ ነገር አልሆነባትም።

«በቀን አንድ ትውጫለሽ» አለች እትዬ።

«ምንድነው?»

«ሆርሞን ነው። ስታርጪ ሰውነትሽ ማምረት ያቆመውን ይተካልሻል። እኔም እንደ አንቺ ስቃጠል ነበር።»

«ሐኪም ሳያየኝ?»

«ሐኪም ቢያይሽ ይኸንኑ ነው የሚያዝልሽ። ወረፋው ለብቻው ይገድልሻል። እኔ ስንት ዓመት ውጬዋለሁ፤ ምን ሆንኩ?»

ሚጣ ቀና ብላ አየቻት። አራት ዓመት ትበልጣታለች፤ ፊቷ ጥርት ያለ፣ ወገቧ ቀጥ ያለ፣ ሌሊቱን ሙሉ የምትተኛ ሴት ናት።

«ምንም አልሆንሽም» አለች።

እትዬ ምንም ያልሆነችበት ምክንያት ነበር። አርባ ዓመቷ ላይ ማህፀኗ በእጢ ተሞልቶ ደሟ አልቆም ሲል በቀዶ ሕክምና ማህፀኗን ከነእንቁላል ማምረቻዎቹ አውጥተውላታል። ለቤተሰቡ የተነገረው «እጢ ወጣላት» ተብሎ ነው። ሐሰት አይደለም፤ ግማሹ ነው። ያን ጊዜ ሊያገባት የሚመላለስ ሰው ነበር፤ ልጅ የሚወድ ሰው። እሱ እንዳይሰማ እናቷም እንዳትሰማ አደረገች፤ እናቷ እንዳትሰማ ደግሞ ሚጣ መስማት አልነበረባትም። ሰውየው በሌላ ሰበብ ቀረ። ውሸቱ ግን የተዋሸለት ሰው ከሄደ በኋላም ቤት ውስጥ ተቀመጠ።

ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ ክኒኑን አዝዞላት አንድ ነገር ነግሯት ነበር። ይህ ክኒን ኢስትሮጅን ብቻ ነው፤ አንቺ ማህፀን ስለሌለሽ ይበቃሻል። ማህፀን ያላት ሴት ግን ከእሱ ጋር ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ሁለተኛውን ሆርሞን መውሰድ አለባት፤ አለዚያ ኢስትሮጅኑ የማህፀኗን የውስጥ ሽፋን እያወፈረ፣ እያወፈረ ይሄዳል፤ በቃ የሚለው የለም። እትዬ ይህን የሰማችው የቁስሏ ስፌት ሳይፈታ፣ አልጋ ላይ ሆና ነው። ለራሷ የሚሆነውን ይዛ የሌላውን ሴት ጉዳይ ለሌላዋ ሴት ተወችው። ክኒኑን ለእህቷ ስትሰጥ ትዝ ብሏት እንደሆነ ኋላ ተጠይቃ፣ አላለኝም ብላለች። እውነቷን ሳይሆን አይቀርም።

ክኒኑ ሠራ። ጥቂት ሳምንት ሳይሞላ ሚጣ አንድ ሌሊት ሳትነቃ አደረች፤ ቀጥሎም ሌላ። ሙቀቱ መጀመሪያ ራቅ ራቅ አለ፣ ከዚያ ጠፋ። እንፋሎቱ ተራ እንፋሎት ሆነ። እጇ ድኖ አንሶላ ስታጎርስ ማሽኑ ራሱ የሚዘገይ ይመስል ጀመር።

«ምን አግኝተሽ ነው እንዲህ ያማረብሽ?» አለች ሬዲዮ። «ሰው ነው? ሰው ከሆነ ወንድም እንዳለው ጠይቂልኝ።»

«ክኒን ነው።»

«ወይ ጉድ! እኔ ደግሞ ባልሽን ረስተሽ...»

«ሥራሽን ሥሪ።»

የሰፈሩን ፋርማሲስት ያስተማረችው እትዬ ናት። ሁለት ሁለት እሽግ ስትጠይቀው ለማን ነው አላላትም፤ አስተማሪውን የሚጠይቅ ተማሪ የለም። እትዬ እያመጣች ትሰጣለች፣ ሚጣ ትውጣለች። ዝናቡ መጥቶ ሄደ፤ የሆቴሉ እንግዶች በዙ፣ ቀነሱ። በዚህ ሁሉ ጊዜ በሚጣ ማህፀን ውስጥ ያለው ሽፋን ይወፍር ነበር። አያምም። አይቆጠቁጥም። ከውጭ የሚታየው የተመቻት ሴት ነው።

ደሙን መጀመሪያ ያየችው ላውንደሪው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነው፤ ትንሽ ነበር። የላውንደሪ ሠራተኛ ከደም ጋር ትውውቅ አለው፤ በየቀኑ ከየክፍሉ በደም የተበከለ አንሶላ ይመጣል፣ ነክረው ያስለቅቁታል፣ የማንና የምን ደም ነው ብሎ የሚጨነቅ የለም። ሚጣም አልደነገጠችም። ልብስ መቀየሪያው ጋ ለሬዲዮ ሹክ አለቻት፤ ለሬዲዮ ሹክ ማለት ለክፍሉ ሁሉ ማወጅ ነው።

«ሴቶች፣ ስሙማ!» አለች ሬዲዮ። «ሚጣ ተመልሳ ሚጣ ሆናለች። በዚህ አያያዟ በሚመጣው ዓመት ጡት ትጠባለች።»

ሁሉም ሳቁ። ሚጣም ሳቀች። ያችን ክኒን የት እንደምታገኝ የጠየቋትም ነበሩ። «የእህቴ ነው» እያለች አለፈቻቸው።

ማታ ለእትዬ የነገረቻት እንደ ቀልድ ነበር፤ በሩ ላይ ቆማ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ። እትዬ ራት የበላችበትን ሳህን እያጠበች ነበር። ሳህኑን አስቀመጠች፤ ቧንቧውን ግን አልዘጋችም።

«መቼ ነው ያየሽው?»

«ሰሞኑን። ትንሽ ናት።»

«ክኒኑን ተይው።»

«ለምን?»

«ተይው አልኩሽ።»

«እንደ ተማሪሽ አታናግሪኝ እንጂ፤ ለምን?»

እትዬ ቧንቧውን ዘጋች። ፊቷን ሳታዞር «ጠፍቷል» አለች። «ፋርማሲው የለውም። እኔም አልቆብኛል።»

ከጀርባዋ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ያልተከፈቱ እሽጎች ነበሩ። ሐኪሙ ያን ጊዜ የነገራት ነገር፣ ስለ ሌላዋ ሴት የነገራት፣ ያን ምሽት ቃል በቃል ተመልሶላታል። ሌላዋ ሴት በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ያን ጊዜ ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ እንሂድ ማለት ትችል ነበር። ሐኪም ግን ይጠይቃል። እትዬ ለራሷ ምክንያት አበጀች፦ ክኒኑ ሲቆም ደሙም ይቆማል፤ ከቆመ ደግሞ የሚነገር ነገር አይኖርም። እውነትም ቆመ። ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ስታስተምር ዋለች፤ ማታ ማታ ግን ከበሯ ጀርባ ቆማ የእህቷን እግር ድምፅ ታዳምጥ ጀመር።

ደሙ ቆሞ ሙቀቱ ተመለሰ። ሚጣ እንደገና ሌሊቱን ተገላብጣ ማደር፣ ማሽኑ ጋ መፍዘዝ ጀመረች። ኃላፊው ሁለት ጊዜ መጥቶ አጠገቧ ቆሞ ሄደ። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ፋርማሲው ጋ ጎራ አለች።

«የእህቴ ክኒን መቼ ይገባል?»

«የቱ? የእትዬ ነው?» አለ ፋርማሲስቱ። «እሱማ መቼ ጠፍቶ ያውቃል፤ ባለፈው ሳምንትም ወስደዋል።»

ሚጣ እሽጉን ይዛ ወጣች። መንገዱን ሁሉ ያብሰለሰለችው እትዬ ምን አስቀናት የሚለውን ነበር። በልጅነቷ እንኳን ያላደረገችውን፣ ለእሷ የሚተርፈውን ነገር ደብቃ መያዝን፣ በዚህ ዕድሜዋ ከየት አመጣችው? ደረጃውን ወጥታ የእህቷን በር ሳታንኳኳ የራሷን ከፍታ ገባች። ክኒኑን ዋጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ደረጃ ላይ ሲገናኙ «ደህና አደርሽ» ብቻ ተባባሉ፤ ኋላ እሱም ቀረ።

እትዬ ባዶውን እሽግ ደረጃው ሥር ባለው የቆሻሻ መጣያ ውስጥ አየችው። ስሙን አነበበች። ማንኳኳት ነበረባት። እጇን አንስታ በሩ ላይ ያደረገችበት ምሽት ነበር፤ ውስጥ ሚጣ ቴሌቪዥን ከፍታ ትስቃለች። መልሳ አወረደችው። ወራት አለፉ።

ሚጣ የወደቀችው ከማሽኑ ፊት ነው። የዚያን ጊዜ ደም እንደ መጀመሪያው አልነበረም፤ ሬዲዮ ራሷ ምንም ሳትቀልድ በአንሶላ ጠቅልላ፣ ታክሲ አስጠርታ፣ ትምህርት ቤት ደውላ እትዬን አስጠራቻት።

ሐኪሟ ቀስ ብላ የምትናገር፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት ነበረች።

«የወር አበባሽ ከቆመ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ቆሞ ነበር፤ ከዓመት በላይ። ከዚያ ተመለሰ።»

«አልተመለሰም» አለች ሐኪሟ። «ዓመት ከቆመ በኋላ የሚመጣ ደም የወር አበባ አይደለም። አንድ ጠብታም ቢሆን መታየት ነበረበት። የምትወስጂው መድኃኒት አለ?»

ሚጣ እሽጉን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት። ሐኪሟ መነጽሯን አውርዳ አነበበች፤ ገልብጣም አየችው።

«ከዚህ ጋር ሌላ የምትውጪው አለ?»

«የለም፤ ይኸው ነው።»

«ማን አዘዘልሽ?»

«እህቴ ናት የሰጠችኝ። እሷ ስንት ዓመት ወስዳዋለች፤ ምንም አልሆነችም።»

«እህትሽ ማህፀኗ ወጥቷል?»

«ኧረ የእሷ እጢ ነው» አለች ሚጣ፤ ፈገግም ብላ ነበር። «ማህፀኗማ አለ።»

እትዬ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ወጥቷል» አለች።

ሚጣ አልዞረችም። ሐኪሟ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች፣ ከዚያ ለሚጣ ብቻ ስለ ሁለቱ ሆርሞኖች አስረዳቻት። «መድኃኒቱ መርዝ አይደለም» አለቻት። «መጥተሽ ቢሆን ኖሮ እኔም ሆርሞን ልሰጥሽ እችል ነበር፤ ከሁለተኛው ጋር፣ እየተከታተልኩሽ። ይህ ግን ለሌላ ገላ የታዘዘ ነው።» በአልትራሳውንድ ስታየው ሽፋኑ መሆን ካለበት ብዙ እጥፍ ወፍሯል። ከእሱ ናሙና ወሰደች፤ ውጤቱ ከሳምንት በኋላ እንደሚደርስ ነገረቻት።

ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከፊታቸው እርጉዝ ሴቶች ያልፋሉ።

«መቼ ነው?» አለች ሚጣ።

«አርባ ዓመቴ ላይ። ያ ጊዜ።»

«እኔ ነበርኩ እኮ ያስታመምኩሽ። ገላሽን ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

«አዎ።»

«ደም አየሁ ያልኩሽ ዕለት ታውቂ ነበር?»

እትዬ የቦርሳዋን ማሰሪያ ጣቷ ላይ ጠመጠመች፣ ፈታች። «ያን ዕለት ገባኝ።»

«ያን ዕለት ገብቶሽ ዝም አልሽ?»

«ክኒኑን ደበቅሁ።»

«ክኒኑን ደበቅሽ» አለች ሚጣ። ድምፅዋ አልጨመረም።

«አንቺ ሁልጊዜ ‹ገና ነሽ፣ ትወልጃለሽ› ትዪኝ ነበር። አርባ አምስት ዓመት ሆኖኝ እንኳን ትዪኝ ነበር። ማንም እንደዚያ አይለኝም። አንዴ ከነገርኩሽ አትዪኝም።»

«አሁንስ?» አለች ሚጣ። «አሁን ምን ልበልሽ?»

 መልስ ሳትጠብቅ ተነስታ ብቻዋን ወደ መውጫው ሄደች። እትዬ ትንሽ ራቅ ብላ ተከተለቻት።

ውጤቱ ሲመጣ፣ ሴሎቹ መልካቸውን ቀይረዋል፤ በናሙናው ውስጥ ካንሰር አልተገኘም፣ ግን ወደዚያ የሚሄዱ ዓይነት ናቸው ተባለ። ናሙናው ደግሞ ጥቂቱን እንጂ ሁሉን አይናገርም። ማህፀኑ ከነእንቁላል ማምረቻዎቹ እንዲወጣ ተወሰነ። ልጆቿ ከሩቅ መጡ። እትዬ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስዳ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ዋለች፤ ሚጣ ግቢ አላለቻትም፣ ሂጂም አላለቻትም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማህፀኑ ሙሉ በሙሉ ሲመረመር፣ ናሙናው ካልነካው ጥግ ካንሰሩ ተገኘ፤ ትንሽ ነው፣ ወደ ውስጥ ብዙ አልዘለቀም። ሐኪሟ በጊዜ የተደረሰበት ይመስለኛል አለች። ይመስለኛል የሚለውን ቃል ሁለቱም እህቶች ሰሙት።

ሙቀቱ ቁስሏ ሳይደርቅ ተመለሰ፤ ከድሮውም የከፋ ነበር።

«አሁንማ ማህፀን የለኝም» አለች ሚጣ በመጀመሪያው ቀጠሮዋ። «የእህቴ ክኒን አሁን ልኬ አይደል?»

ሐኪሟ አልሳቀችም። «ካንሰር ከተገኘብሽ በኋላ ኢስትሮጅን አልደፍርም። ለሙቀቱ ሆርሞን ያልሆነ ሌላ መድኃኒት እንሞክራለን። የድሮውን ያህል ግን አይሆንልሽም።» ከዚያ ቆም ብላ አከለች፦ «ደም ካየሽ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነይ። ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሻለሁ።»

ኃላፊው ከማሽኑ አንስቶ ፎጣ የሚታጠፍበት ጠረጴዛ ጋ አዛወራት፤ እንደ ሌሎቹ አላሰናበታትም። ሬዲዮ ጮክ ብላ ካልሆነ የማይሰማ ርቀት ላይ ሆና አሁንም ታወራታለች። እትዬ በየማታው በሯን ታንኳኳለች። መጀመሪያ ደጃፉ ላይ ብቻ ትቆም ነበር፤ ኋላ ወንበር ላይ፣ አሁን አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ከስታለች። የደም ምርመራ፣ ቀጠሮ፣ ምግብ፣ ሁሉንም የምትከታተለው እሷ ሆናለች፤ ሌሊት ደግሞ መብራቷ ሲበራ ሚጣ በበሩ ሥር ታየዋለች።

ከሦስተኛው ቀጠሮ በፊት ባለው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት ሚጣ ልብስ ስትቀይር የውስጥ ሱሪዋ ላይ ፈዘዝ ያለች የደም ነጠብጣብ አየች። ቆማ ረዥም ጊዜ ተመለከተቻት። ምናልባት ስፌቱ ነው። ምናልባት ምንም አይደለም። ልብሱን አጥባ አሰጣችው፤ ሥራዋ ሄዳ ፎጣ ስታጥፍ ዋለች።

ማታ እትዬ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል።

«ዛሬስ እንዴት ዋልሽ?» አለች። «ያየሽው ነገር የለም አይደል?»

ሚጣ እህቷን አየቻት። ደህና እንቅልፍ የተኛችው መቼ እንደሆነ እንጃ። ዛሬ ብነግራት ዛሬም አትተኛም፤ ቀጠሮው ደግሞ ሩቅ አይደለም።

«ምንም የለም፣ እትዬ» አለች። «ሂጂ ተኚ።»

እትዬ አመነቻት። ያን ሌሊት መብራቷ ጠፍቶ አደረ።